«ዬባር» የሚለው የስፓኒሽ ግስ ስራ ላይ ግራ አጋባኝ፣ መደበኛ ግስ ነው አልተባለም እንዴ?

የማታ ሽፍት፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስፓኒሽ የምትችሉ ልጆች እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ሬስቶራንት ውስጥ ራነር ነኝ፣ ማለት ሳህኑን ከኪችን ተቀብዬ ጠረጴዛ ላይ ማድረስ ነው ስራዬ። ኪችን ያሉት አንድ ሁለት ሰው ሲቀር ሁሉም የኤልሳልቫዶር ልጆች ናቸው፣ እርስ በርስ የሚያወሩት በስፓኒሽ ነው፣ ሰው ይዞት ለሚሄደው ምግብ ራሱ ቲኬቱ ላይ «ፓራ ዬባር» ብለው ነው የሚጽፉት። እኔም ዝም ብዬ ከምቆም ብዬ ባቡር ላይ ስመላለስ በስልኬ መማር ጀመርኩ፣ ይኸው ስድስት ወር አለፈኝ። መጀመሪያ የያዝኩት ይሄንኑ «ዬባር»ን ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምሰማው እሱን ስለሆነ፣ ደሞ መደበኛ ግስ ነው፣ በ«አር» የሚያልቁት አብዛኞቹ እንደሱ ነው የሚረቡት ስለተባለ። ዬቦ፣ ዬባስ፣ ዬባ፣ ዬባሞስ፣ ዬባን እያልኩ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ።

ስራ ላይ ሲሆን ግን አልሆነልኝም። ባለፈው አርብ ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሼፉ ሁለት ሳህን አወጣና ወደኔ እያየ «ዬባ ኤስቶ አ ላ ሴይስ» አለኝ (እኔ እንደዛ ነው የሰማሁት)፣ «ላ ሴይስ» ስድስት ቁጥር ጠረጴዛ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን እኔ በቃሌ የያዝኩት «ዬባ» ማለት «እሱ ይወስዳል» ስለሆነ ሌላኛው ልጅ ሊወስደው ነው ብዬ ሌላ ሳህን መጥረግ ጀመርኩ። ምግቡ እዛው መብራቱ ስር ቆሞ ሾርባው ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ሰራ። ሼፉ አልጮኸብኝም፣ ዝም ብሎ ሾርባውን ደፍቶ እንደገና ቀዳ፣ እሱ ነው ይበልጥ የከበደኝ።

በማግስቱ ደሞ «ኪየን ዬቦ ላ ሶፓ?» ብሎ ጠየቀ፣ ማን ነው ሾርባውን የወሰደው ማለቱ እንደሆነ ገብቶኝ «ዮ ዬቦ» አልኩት፣ እኔ ነኝ ማለቴ ነው። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ በይ ውሰጂዋ አይነት አደረገ፣ ሾርባው እኮ ሄዷል! ዬቦ «እኔ እወስዳለሁ» ከሆነ እሱ ለምን «ዬቦ» አለ ታዲያ?

ሦስተኛዋ ጥያቄ፣ ካሸሯ የፔሩ ልጅ ናት፣ እዚህ ቤት ስንት ጊዜ ሆነሽ ስላት «ዬቦ ኦንሴ አኞስ አኪ» አለችኝ። አስራ አንድ ዓመት ምኑን ነው የምትወስደው?

ታክሲ ቨርጂኒያ፦

እህት፣ ዬባር መውሰድ፣ ትራኤር ማምጣት፣ አለቀ። «ዬባ» ደግሞ «ይወስዳል» ብቻ አይደለም፣ «ውሰጂ» ተብሎ ትዕዛዝም ይሆናል፣ ሼፉ አንቺን ነበር ያዘዘሽ። ሰንጠረዡን ለጊዜው አስቀምጪውና የምሳ ሰዓት ላይ አብረሻቸው ቁጭ ብለሽ ብይ፣ እኔ ስፓኒሽ የለመድኩት ተሳፋሪ እያወራሁ ነው፣ ደብተር ይዤ አይደለም።

ሰላም ከማድሪድ፦

ታክሲ ያለው ልክ ነው ግን ያንቺ ችግር ትርጉሙ ላይ አይመስለኝም፣ ጆሮሽ ላይ ነው፣ አትደንግጪ ይሄ የሁላችንም ችግር ነበር። እኔ ማድሪድ ስመጣ መጀመሪያ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ያለፈውን ያውራኝ የአሁኑን ያውራኝ መለየት አቅቶኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚለው ይሁን ፊደሉ አይነግርሽም፣ አንዱን አጥብቀሽ አንዱን አላልተሽ ነው የምታነቢው። «አለ»ም እንደዛው፣ ሲላላ ተናገረ ነው ሲጠብቅ ኖረ ነው። ጆሮሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ለመጥበቅና ለመላላት የተሳለ ነው። ስፓኒሾች ግስ ሲያረቡ መጥበቅ መላላት የሚባል ነገር የላቸውም፣ እነሱ ያላቸው ክብደት ነው፣ ከቃሉ ውስጥ አንዷ ድምጽ ትከብዳለች፣ ሌሎቹ ይቀላሉ። እና የክብደቷ ቦታ ከተቀየረ ቃሉ ሌላ ቃል ሆነ ማለት ነው። ሲጽፉ መደበኛ ቦታዋን ስትለቅ ከፊደሏ አናት ላይ ትንሽ ጭረት ያደርጉባታል፣ በኛ ፊደል ግን ጭረቷ ስለሌለች እኔ ለራሴ ስጽፍ መጨረሻ ላይ የምትከብደዋን ደግሜ ነው የምጽፋት። ስለዚህ ዬቦ (ዬ ላይ ከብዶ) «እወስዳለሁ» ነው፣ ዬቦኦ (ቦ ላይ ከብዶ) «ወሰደ» ወይም «ወሰደች» ነው። ሼፍሽ ያለሽ «ኪየን ዬቦኦ ላ ሶፓ» ነው፣ አንቺ ደሞ የመለስሽለት «እኔ እወስዳለሁ» ነው፣ ለዛ ነው እጁን የዘረጋልሽ፣ ልክ ነው ሰውየው። ማለት የነበረብሽ «ዮ ላ ዬቤኤ» ነው፣ እኔ ወሰድኳት።

አሁን ያለፈውን ጊዜ በሙሉ ልስጥሽ፣ ጮክ ብለሽ በይው፦ ዬቤኤ ወሰድኩ፣ ዬባስቴ ወሰድሽ፣ ዬቦኦ ወሰደ፣ ዬባሞስ ወሰድን፣ ዬባሮን ወሰዱ። አየሽ፣ አንዷም ላይ «ዬ» አትከብድም። በአሁኑ ጊዜ ግን ከ«ዬባሞስ» በቀር ሁሉም ላይ (አሜሪካ የማትሰሚውን የስፔኑን «ዬባይስ» እና የኤልሳልቫዶሮቹን የ«ቦስ»ን፣ ማለት የ«አንተ/አንቺ»ን ነገር ለጊዜው ተዪው) የምትከብደው «ዬ» ናት። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው ጆሮዬ የተከፈተው፣ ሰው ሲያወራ የቃሉን መጨረሻ ከመጠበቅ ይልቅ መጀመሪያው ከብዷል አልከበደም ብዬ ነው የምሰማው። «ዬባሞስ» ብቻ ለ«እንወስዳለን» እና ለ«ወሰድን» አንድ ነው፣ እሱን ከወሬው ትረጂዋለሽ፣ እነሱም እንደዛ ነው የሚረዱት።

ድምጹ ላይ ለኛ ቀላል ነው፣ ያቺ ሁለተኛዋ ፊደል በላቲን ሲያዩዋት እንደ እንግሊዝኛው ጥርስ በከንፈር አድርገው «ቨ» የሚሏት አሉ፣ አይደለችም፣ ልክ «ሌባ» ስንል ከንፈራችን ሳይገጥም እንደምትወጣው ልል «ባ» ናት። እንዲያውም እኔ እንዴት እንደያዝኩት ልንገርሽ፣ ሌባ ምን ያደርጋል? ይወስዳል፣ ዬባ። እስካሁን አልጠፋኝም።

«ዮ» የምትለውን ደግሞ ሁልጊዜ አትጨምሪ፣ በአማርኛ «እወስዳለሁ» ካልሽ «እኔ» ማለት ያስፈልጋል እንዴ? ግሱ ውስጥ አለ። እነሱም ጋ እንደዛው ነው። «እኔ ነኝ የወሰድኳት፣ እሱ አይደለም» ስትዪ ነው «ዮ» የሚገባው። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ልጆች ይሳሳታሉ፣ አማርኛሽን ተከተዪ። ከኛ የሚቀለው ደሞ ፆታ የለውም፣ ትወስዳለህና ትወስጃለሽ አንድ «ዬባስ» ነው።

የካሸሯ ነገር በጣም የምወደው ነው። ዬባር መውሰድም መሸከምም ነው፣ እና ዓመት ሲከተለው «ይህን ያህል ጊዜ ሆነኝ» ማለት ነው። «ዬቦ ኦንሴ አኞስ አኪ» እዚህ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እኔ ሲገባኝ አስራ አንዱን ዓመት ተሸክማቸው እንደቆመች ነው የታየኝ፣ ገና አላወረደቻቸውም፣ ለዛ ነው በአሁኑ ጊዜ የሚነገረው። ስራ ስትጨምሪበት በ«አንዶ» እና በ«የንዶ» የሚያልቀውን ታስከትዪበታለሽ፣ አንቺ ለምሳሌ «ዬቦ ሴይስ ሜሴስ ኤስቱድያንዶ ኤስፓኞል» ትያለሽ፣ ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ካላደረግሽው ደሞ «ሲን» አለ፣ «ዬቦ ዶስ ዲያስ ሲን ዶርሚር»፣ ሳልተኛ ሁለት ቀኔ። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄኛውን ወደ ኋላ ስትወስጂው «ዬቤኤ» አይባልም፣ «ዬባባ» ነው የሚባለው። «ዬባባ ሲንኮ አኞስ አኪ» እዚህ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር (ያኔ ያ ነገር ሲመጣ)። ዬባባ ማለት ይወስድ ነበር፣ እወስድ ነበር ነው፣ ቆይቶ የሚደጋገም ወይም እየሆነ የነበረ ነገር፣ ዬቤኤ ግን አንዴ ሆኖ ያለቀ።

ማድሪድ ብትሆኚ ሌላም ነገር ትሰሚ ነበር። እኔ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ነው የማስታምመው፣ ልጃቸው ማታ ደውሎ እናቴን ሐኪም ቤት ወሰድሻት ወይ ሲለኝ ጠዋት የሆነውን ነገር «አስ ዬባዶ አ ማማ አል ሜዲኮ?» ብሎ ነው የሚጠይቀኝ፣ እኔም «ላ ኤ ዬባዶ» እለዋለሁ። እዚህ ዛሬ የሆነውን በዚህኛው ነው የሚሉት፣ ትናንት ከሆነ ግን «ላ ዬቤኤ»። እናንተ ጋ ያሉት ዛሬም ቢሆን ትናንትም ቢሆን ባብዛኛው «ዬቤኤ» ነው የሚሉት። እና «አ ማማ» ላይ ያቺን «አ» ልብ በዪልኝ፣ «እማማን» ስንል እንዳለችው «ን» ናት፣ ግን የምትገባው የሚወሰደው ሰው ሲሆን ነው፣ ለሳህን አትገባም።

የማታ ሽፍት፦

ውይ ሰላም እግዜር ይስጥልኝ፣ የዬቦና የዬቦኦ ነገር አሁን ነው የገባኝ፣ ባቡር ላይ ለብቻዬ እያልኩት ስመጣ ሰው እያየኝ ነበር። ግን አንድ ነገር፣ የኔ ሼፍ አርብ ለት ያለኝን ደጋግሜ ሳስበው እሱም መጨረሻ ላይ ነው የከበደው፣ «ዬባኣ ኤስቶ» ነው ያለኝ፣ እርግጠኛ ነኝ። ታክሲ ያለው ትዕዛዝ «ዬባ» ከሆነ ዬ ላይ መክበድ የለበትም? «ዬባስ» የሚለውንም እነሱ «ዬባኣስ» ነው የሚሉት፣ አንዳንዴ መጨረሻ ያለችው «ስ» ራሷ አትሰማኝም። ሰንጠረዤ ላይ እንዲህ የሚል የለም።

ሌላው ሁዳዴ ነው እኮ አሁን፣ ፑፑሳ (ውስጡ የሚሞላ የበቆሎ ቂጣቸው ነው) እየጋበዙኝ ነው፣ ውስጡ ያለውን እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው? «አለው» የሚለውን «ቲየኔ» ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ገብቷቸዋል ግን እነሱ በሌላ ቃል ነው የመለሱልኝ፣ እሱም ዬባ ዬባ የሚል ነው!

የኢስላ ልጅ፦

ልጄ፣ ጆሮሽ ልክ ሰምቷል፣ ሰንጠረዡ ነው የጎደለው። እኔ ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው፣ በልጅነቴ ከኢትዮጵያ ወደ ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ ከሄድነው ልጆች አንዱ ነኝ፣ ደሴቷ ድሮ የጥድ ደሴት ትባል ነበር፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው የወጣቶች ደሴት ብለው ስሟን የቀየሩት። ግማሽ ቀን ትምህርት ግማሽ ቀን እርሻ ነበር፣ እርሻው ቶሮንኻ ነው፣ ያ ትልቁ ኮምጣጣ መራራው ብርቱካን፣ የመጀመሪያ ስፓኒሼ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቶሮንኻ ሳጥን ነው የመጣው።

ያንቺን ልመልስ። ኤልሳልቫዶሮች ቅርባቸው የሆነውን ሰው «ቱ» ሳይሆን «ቦስ» ነው የሚሉት፣ አርጀንቲናም ኡራጓይም ኒካራጓም ሆንዱራስም እንደዛ ይላሉ። ለ«ቦስ» የሚረባው ክብደቱን ወደ መጨረሻ ይወስደዋል፣ «ቱ ዬባስ» የሚለው «ቦስ ዬባኣስ» ይሆናል፣ ትዕዛዙም «ዬባኣ» ነው። ለመስራት ቀላል ነው፣ «ዬባር» ከሚለው መጨረሻ ያለችውን «ር» ትጥያትና ክብደቱን እዛው ትተይዋለሽ፣ አለቀ። አብላር ካልሽ አብላኣ፣ ትራባኻር ካልሽ ትራባኻኣ፣ በ«ኤር»ና በ«ኢር» የሚያልቁትም እንደዛው ናቸው፣ ኮሜር ኮሜኤ፣ ብላ ማለት ነው። ሳህኑን ጠቅሶ «ውሰጂው» ሲልሽ «ዬባኣሎ» ይላል፣ የመጽሐፉ «ዬባሎ» ግን ዬ ላይ ነው የሚከብደው። ሼፍሽ «ዬባኣ» ማለቱ እንደ ራሱ ሰው አድርጎ አንቺ እያለሽ ነው፣ ባያውቅሽ ኖሮ በ«ኡስቴድ» «ዬቤ» ይልሽ ነበር።

«ኡስቴድ» የኛ «እርስዎ» ነው፣ ግን እኛ ስናከብር ግሱን እንደ ብዙ ሰው አድርገን «ይወስዳሉ» እንላለን፣ እነሱ ሲያከብሩ እንደ «እሱ» አድርገው «ኡስቴድ ዬባ» ይላሉ። ትዕዛዝ ሲሆን ደግሞ «አ» የነበረችው «ኤ» ትሆናለች፣ «ዬቤ» ይውሰዱ። ለብዙ ሰው «ዬቤን» ውሰዱ። እኛን የእርሻው ኃላፊ ረድፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ «ዬቤንላስ! ዬቤንላስ!» ሲለን ነው የሚታየኝ እስካሁን፣ «ላስ» ሳጥኖቹ ናቸው፣ ካኻስ፣ ውሰዷቸው ማለቱ ነው፣ እኛ ደሞ የሳጥኑ ስም መስሎን ሳጥኑን «ዬቤንላ» ማለት ጀምረን ነበር፣ አንድ ኩባዊ ልጅ ነው ቁጭ አድርጎ ለያይቶ ያስረዳን። ተመልከቺ እንግዲህ፣ «ወሰድኳቸው» ስንል «ኣቸው»ን መጨረሻ ላይ እንደምንለጥፈው እነሱም ትዕዛዝ ሲሆን ይለጥፉታል። አትውሰዱ ሲባል ግን ይላቀቅና ከፊት ይመጣል፣ «ኖ ላስ ዬቤን»።

«ስ» የማትሰማሽም ጆሮሽ ስለደከመ አይደለም። ኩባ ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ትንፋሽ አድርገው ነው የሚያልፏት ወይም ጭራሽ ይውጧታል፣ ኤልሳልቫዶሮችም ያስተነፍሷታል፣ «ዬባህ» አይነት። ኩባዎች እንግዲህ «ዬባስ» እና «ዬባ» አንድ ሲሆንባቸው «ቱ» የምትለውን ቃል ደጋግመው ይጨምራሉ። አማርኛ «እኔ አንተ» ማለት አያስፈልግም ያለችሽ ልጅ ትክክል ናት፣ የኩባ ሰው ግን ከሌላው አብዝቶ ሲለው ብትሰሚ እንዳትገረሚ።

ምግቡ ላይ «ዬባ» ማለት «ይገባበታል» ማለት ነው፣ በአማርኛ «ይሄ ወጥ ቅቤ ይገባበታል?» እንደምንለው። «ዬባ ካርኔ?» ስጋ አለው? «ዬባ ኬሶ?» አይብ አለው? «ኬ ዬባ?» ምን ምን ይገባበታል? «ቲየኔ» ብትዪም ስህተት አይደለም፣ ኪችን ውስጥ ግን ቃሉ ይሄ ነው። እና ለሁዳዴ አደራ፣ ፑፑሳ ሲሰጡሽ «ሬብዌልታ» ከሆነ ባቄላ፣ አይብና ቺቻሮን ነው የሚገባበት፣ ቺቻሮኑ የአሳማ ስጋ ነው። «ደ ፍሪኾል» ብቻውን ብትዪ ባቄላ ነው፣ ግን ያኔም «ዬባ ማንቴካ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ባቄላው በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ማንቴካ እነሱ ጋ የአሳማ ስብ ነው፣ ቅቤ «ማንቴኪያ» ነው፣ አርጀንቲና ከሄድሽ ግን ማንቴካ ራሱ ቅቤ ነው። ድምጻቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

ኤልሳልቫዶሮቹ ዓመት ሲቆጥሩ ከ«ዬቦ» ይልቅ «ቴንጎ ኦንሴ አኞስ ደ ትራባኻር አኪ» ሲሉ ትሰሚ ይሆናል፣ ትርጉሙ ከካሸርሽ ጋር አንድ ነው። ልብስም ላይ መጽሐፉ «ዬባ ካሚሳ ሮኻ» ይልሻል፣ ቀይ ሸሚዝ ለብሷል፣ እነሱ ግን በ«አንዳር» ነው የሚሉት፣ አንዳር መሄድ እንዳይመስልሽ እነሱ ጋ ይዞ መዞርም ነው፣ «አንዳኣስ ዲኔሮ?» ገንዘብ ይዘሻል?

እንጀራ ዳላስ፦

ጋሼ በጣም ነው የማመሰግንዎት፣ እኔም አንድ ልጨምር፣ እዚህ ያልተነሳች ግን ስራዬ ላይ ዋጋ ያስከፈለችኝ ናት። ታክሲ «ዬባር መውሰድ ትራኤር ማምጣት» ብሏል፣ ልክ ነው፣ ግን የኛ «ማምጣት» እና የነሱ «ትራኤር» ድንበራቸው አንድ አይደለም። እኛ ሰው ሲጠራን «መጣሁ!» ነው የምንለው፣ ገና ሳንነሳ እንኳ በኃላፊ ጊዜ፣ ምክንያቱም ራሳችንን የጠራን ሰው ጋ አድርገን ነው የምናስበው። በስፓኒሽ እንደዛ የለም፣ «ያ ቦይ» ነው፣ አሁን እሄዳለሁ እንደማለት ነው ቃል በቃል፣ እኔ ከቆምኩበት ነው የሚለካው። ዬባርና ትራኤርም በዚሁ ነው የሚሄዱት፣ ወዳለሁበት የሚመጣ ትራኤር፣ ካለሁበት ወደሌላ የሚሄድ ዬባር፣ ሰሚው የትም ይሁን።

እኔ ለሱቆች እንጀራ አከፋፍላለሁ፣ አንድ ሜክሲኮዊ ባለሱቅ ደውሎ እንጀራው የት ደረሰ ሲለኝ በአማርኛ አስቤ «እያመጣሁልህ ነው» ለማለት «ቴ ሎ ትራይጎ» አልኩት። እሱ ወዳለሁበት ቦታ የማመጣለት መስሎት መጋዘኔ ድረስ መኪናውን አስነስቶ መጣ፣ እኔ ደሞ ሱቁ በር ላይ ቆሜ እየደወልኩ ነው። አርባ ደቂቃ ተፈላለግን፣ እንጀራው ትኩስ ስለነበር ላስቲኩ ውስጥ አላበው። «ቴ ሎ ዬቦ» ብል ኖሮ ሱቁ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። ስለዚህ ራነሯ እህታችን፣ ከኪችን ሆነሽ ወደ ጠረጴዛው የሚሄደው ሁሉ ላንቺም ለሼፉም ዬባር ነው፣ ጠረጴዛው ጋ ያለው ደንበኛ ግን ውሃ ሲፈልግ «ሜ ትራኤ አጓ» ነው የሚልሽ፣ አንቺ ስትመልሺለት ደሞ እዛው አጠገቡ ቆመሽ ስለሆነ «አኦራ ሴ ላ ትራይጎ» ብትዪው ልክ ነው፣ ወደ ቆማችሁበት ነውና የምታመጪው። ከኪችን ሆነሽ ጮክ ብለሽ የምትመልሺለት ከሆነ ግን «አኦራ ሴ ላ ዬቦ»። እና ተጠንቀቂ፣ ትራኤር መደበኛ አይደለም፣ ትራይጎ፣ ትራኼ እያለ ይሄዳል፣ ለብቻው ነው የሚጠናው።

ታክሲ ቨርጂኒያ፦

ይሄን እኔም አላውቅም ነበር፣ ስንት ዓመት «ትራይጎ» ስል ኖሬያለሁ። ትንቢቱንስ ማንም አልነገራትም፣ ዬባሬኤ፣ ዬባራኣስ የሚለውን።

ሰላም ከማድሪድ፦

ሆን ብዬ ነው ያለፍኩት፣ ሲያወሩ «ቦይ አ ዬባር» ነው የሚበዛው፣ ልወስድ ነው፣ ቦይ ባስ ባ የሚለውን ካወቀች ግሱን ራሱን ማርባት አያስፈልጋትም፣ ቀስ ብላ ትደርስበታለች። የእንጀራ ዳላስን ግን ጻፊው፣ እኔ ሴትዮዬ ከመኝታ ቤት ሲጠሩኝ «ቤንጎ!» (እመጣለሁ) እያልኩ ስንት ጊዜ ወዴት ነው የምትመጪው ብለውኛል። አንድ ደሞ ከኔ፣ «ሜ» ስትገባበት ሌላ ነው፣ «ሜ ሎ ዬቦ» ሱቅ ውስጥ እገዛዋለሁ፣ ይዤው ልሂድ ማለት ነው፣ «ሜ ዬቦ ብየን ኮን ኤያ» ደሞ ከሷ ጋር እንግባባለን ነው። ከካሸሯ ጋር ብትግባቡ በዚህ ነው የምትነግሪኝ።

የማታ ሽፍት፦

ትናንት ሽፍት ነበረኝ፣ ሁላችሁም ይስጥልኝ፣ ልንገራችሁ። ገና ስገባ ሼፉ «ዬባኣሎ አ ላ ዶስ» አለኝ፣ ሳላስበው እጄ ሳህኑ ላይ ነበር፣ «ያ ሎ ዬቦ» አልኩት፣ ቀና ብሎ አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ። ቆይቶ «ኪየን ዬቦኦ ኤል አሮስ?» ሲል ከሁሉም በፊት «ዮ ሎ ዬቤኤ» አልኩ፣ አንድ ልጅ «ዬቤኤ!» ብሎ ደገመው፣ መጨረሻውን ጎትቶ ነው ያለው እኔ እንዳልኩት፣ ደስ አለኝ።

ሌሊት ስንዘጋ ፑፑሳ አቀረቡ፣ «ኬ ዬባ?» ብዬ ጠየቅኩ ጋሼ እንዳሉኝ፣ ሬብዌልታ ነው አሉኝ። «ዬቦ ትሬስ ሴማናስ ሲን ካርኔ» ብዬ ነገርኳቸው፣ ሦስት ሳምንት ሆነኝ ስጋ ካቆምኩ፣ አይብም ወተትም አልኩ በእጄ እየቆጠርኩ። ሳህን የሚያጥበው ልጅ እናቱ በኩዋሬስማ አርብ አርብ ስጋ እንደማትበላ ነገረኝ፣ የነሱ ጾም ነው። ሼፉ ምንም ሳይል ሊጥ ጠፈጠፈና ባቄላ ብቻ አድርጎ ምጣዱ ላይ ጣለው፣ «ዬባ ማንቴካ?» ስለው ጠርሙሱን አንስቶ አሳየኝ፣ ዘይት ነው። ሁለት ሰራልኝ፣ አንዱን በልቼ አንዱን በወረቀት ጠቅልሎ «ፓራ ዬባር» ብሎ ሰጠኝ።

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ሼፉ ከኔ ብዙ ይበልጣል፣ እሱ «ቦስ» ሲለኝ እኔም «ቦስ» ብለው ነውር ነው ወይስ «ኡስቴድ» ልበለው?

የኢስላ ልጅ፦

በ«ኡስቴድ» ጀምሪ ልጄ። እሱ ራሱ «ቦስ» በይኝ ሲልሽ ያኔ ትቀይሪያለሽ፣ ባይልሽም ኡስቴድ እያልሽው መቆየት እነሱ ጋ መራራቅ አይደለም፣ ልጅ አባቱን ኡስቴድ የሚልበት ቤት አለ። ሳህኑን ስትቀበዪው «ዬቤ» አትዪውም እሱን፣ ወሳጇ አንቺ ነሽና፣ ግን ምጣዱ ላይ የቀረውን ፑፑሳ ለልጆቹ ይዞ እንዲሄድ ስትፈልጊ «ዬቤሴላ» በዪው፣ ይዘውት ይሂዱ ማለት ነው።